መጀመሪያ የተነቀለውን መልሱ

አሮጌ የናፍጣ ፎርዊል የገዛ ሰው ሁሉ፣ ገና ሊብሬው በስሙ ሳይዞር የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። ምን ልጨምርባት? ከፍ ላድርጋት? ጎማውን ላሳድገው? ቱርቦ ላስገጥም? ጣሪያዋ ላይ የመብራት መዓት ልደርድር? መልሴ ሰው ያናድዳል፣ አውቃለሁ። ምንም አትጨምር ነው የምለው። መጀመሪያ የተነቀለውን መልስ።

እዚህ አገር ያሉ አሮጌ ላንድክሩዘሮች የብዙዎቹ ታሪክ ይመሳሰላል። በእርዳታ ድርጅት ወይም በመንግሥት መሥሪያ ቤት ስም ገቡ። ጋምቤላ፣ ቦረና፣ አፋር ሲመላለሱ ኖሩ። ከዚያ በጨረታ ወጡ፣ ቀረጥ ተከፈለባቸው፣ ነጋዴ ገዛቸው፣ ነጋዴው ለአስጎብኚ ሸጣቸው፣ አስጎብኚው ደግሞ ሥራ ሲቀዘቅዝበት ለእናንተ ሸጠላችሁ። በዚህ ሁሉ መሀል መኪናዋ ስንት ጊዜ በረሃ ላይ ቆማ ይሆን? ስንት ጎበዝ ሹፌር በአንድ ፒንሳና በአንድ ጥቅል ሽቦ አስነስቷት ከተማ ገብቷል? ሹፌሩ አይወቀስም፣ ቤቱ መግባት ነበረበት። ችግሩ ለአንድ ምሽት ተብሎ የተነቀለ ዕቃ ተመልሶ አይገባም። ቀጣዩ መካኒክ ያየዋል፣ "ድሮም እንዲህ ነው የሚሠራው" ይላል፣ ከሱ ቀጥሎ ያለውም ከሱ ይማራል። ሃያ ዓመት እንዲህ ከሄደ በኋላ እናንተ እጅ ስትገባ ግማሽ መኪና ናት። የገዛችሁት ግን በሙሉ ዋጋ ነው።

የኔዋ ሃርድ ቶፕ ናት፣ ኤችዜድጄ 78። ቁጥሩ ኮፈን ስትከፍቱ በምትገኘው ትንሽ ሳህን ላይ ተመትቷል። ኤችዜድ ሞተሩ ነው፣ ጄ ላንድክሩዘር መሆኗን ይናገራል፣ 78 ደግሞ የቦዲው ዓይነት ነው። ሳህኗ ላይ ያለው ሌላ፣ ሞተሩ ላይ የተመታው ሌላ ከሆነ አንድ ሰው አንድ ቀን ሞተር ቀይሯል ማለት ነውና ሊብሬውን በደንብ እዩ። ሞተሩ ዋን ኤች ዜድ ይባላል። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1990 ያወጣው ነው። 6 ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር፣ ቱርቦ የለው፣ ኮምፒውተር የለው። ፋብሪካው ላይ 130 ፈረስ ጉልበት ገደማ አለው፣ ዛሬ ትንሽ የከተማ መኪናም ያን ያህል ያወጣል። እኔ የምወደው ግን ጉልበቱን አይደለም። ሲበላሽ ቀስ ብሎ፣ እየተናገረ ነው የሚበላሽ። ችግሩ ማንም አይሰማውም።

እሺ፣ የተነቀለው ምንድን ነው?

መጀመሪያ የምትፈልጉት ቴርሞስታት ነው። አይኖርም፣ ተስፋ አታድርጉ። ሞተር ሲሞቅ የሰፈሩ የመጀመሪያ መድኃኒት እሱን ነቅሎ መጣል ነው። አንድ ጋሼ መካኒክ፣ እጃቸው በጣም የሚታመን ሰው፣ "ልጄ፣ ይሄ ለፈረንጅ አገር ብርድ የተሠራ ነው፣ እኛ ምን ያደርግልናል?" አሉኝ። ይህን ሲሉኝ ወሩ ኅዳር ነው፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ ሁለታችንም ጃኬት ደርበን እጃችንን እያሻሸን።

ቴርሞስታት ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ ይዘጋል፣ ሲሞቅ ይከፍታል። ይህን ሁሉም ያውቃል። ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላውን ሥራውን ነው። በብዙ ሞተሮች ላይ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን ሲከፍት፣ ከሥሩ ያለችው ሁለተኛ ሳህን ደግሞ ውሃው ራዲያተር ሳያይ ወደ ሞተር የሚመለስበትን አጭር መንገድ ትዘጋለች። ስትነቅሉት ያ አጭር መንገድ ሁልጊዜ ክፍት ሆነ ማለት ነው። ውሃ ደግሞ በቀለለው መንገድ ነው የሚሄድ። ስለዚህ ደጋ ላይ ሞተሩ ሳይሞቅ ይውላል፣ ናፍጣው በደንብ አይቃጠልም፣ የሞተር ዘይቱም ቶሎ ጥቁር ይሆናል። ቆላ ወርዳችሁ ጭነት ይዛችሁ ዳገት ስትጀምሩ ደግሞ ያው ሞተር ይፈላል። ከዚያ ምን ይባላል? "ቴርሞስታቱ ተነቅሎም ይሞቃል፣ እንግዲህ ቴስታታው ነው።" ቴስታታ፣ ማለት የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ይወርዳል፣ ብር ይወርዳል።

መጀመሪያውኑ ለምን ሞቀ? ብዙውን ጊዜ በርካሽ ነገር ነው። የራዲያተር ክዳን አንዱ ነው። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ባሌ ወጥታችሁ ሳነቴ ላይ፣ 4,000 ሜትር፣ በ87 ገደማ ነው የሚፈላው። ውሃው ከዚያ በላይ ሞቆ ሳይፈላ የሚቆየው ክዳኑ ጫና ስለሚይዝለት ብቻ ነው። ጎማው የተበላ ወይም ላስቲክ ታስሮ የተከደነ ክዳን ጫና አይዝም። አገራችን ከፍ ያለ ስለሆነ ክዳን ከባሕር ዳርቻ አገር ይልቅ እዚህ ነው የሚያስፈልገው፣ እኛ ግን በፌስታል እንከድናለን። ሌላው ገለባ ነው። በአውድማ ወራት በእህል ማሳ መካከል የሄደች መኪና የራዲያተሯ ክንፎች በጤፍ ገለባና በአቧራ ይደፈናሉ። ከፊት በኩል ሲያዩት ንጹሕ ይመስላል፣ የኤሲው ራዲያተር ስለሚሸፍነው። ከኋላ በኩል፣ ከሞተሩ ወደ ውጪ፣ በቀስታ በውሃ እጠቡት። በኃይለኛ ውሃ ከሆነ ክንፎቹን ያጣጥፋቸዋል።

ቬንትሌተሩስ? ከመሀሉ ያለው ክላች ውስጡ የሲሊኮን ዘይት አለው፣ ሙቀት ሲሰማው ይይዛል፣ ሲቀዘቅዝ ይለቃል። ዘይቱ ሲያልቅ አዲስ ዘይት መሙላት ይቻላል። እኛ ጋ ግን በብሎን ወይም በብየዳ ይታሰራል። ከዚያ በኋላ መኪናዋ ቀኑን ሙሉ እንደ አውሮፕላን ትጮሃለች፣ ናፍጣም ትበላለች። ይህን ድምፅ "የላንድክሩዘር ድምፅ" ብለው የሚወዱት ሰዎች አሉ። አንድ ጓደኛዬ ስመልስለት "ድምጿ ጠፋ" ብሎ አዝኗል።

እና እባካችሁ የቧንቧ ውሃ ብቻ አትሙሉ። ኩላንት ለብርድ ብቻ አይደለም፣ ዝገት ይከላከላል። የዚህ ሞተር ብሎክም ቴስታታም ብረት ነው፣ ዝገቱ ሄዶ ሄዶ ራዲያተሩን ይደፍነዋል።

ሁለተኛው የናፍጣ መስመር ነው። ናፍጣ ፊልትሩ ሥር ውሃ የሚጠራቀምባት ዕቃ አለች፣ ከታች መፍቻ ያላት። ውሃው ሲሞላ ዳሽ ቦርድ ላይ መብራት ይበራል። መብራቱ አይበራም፣ ምክንያቱም ሽቦው ተቆርጧል። የተቆረጠበት ምክንያት ደግሞ መብራቱ ስለበራ ነው! አንዳንዷ ላይ ዕቃዋ ራሷ ወጥታ በቻይና የፕላስቲክ ፊልትር ተተክታለች፣ የሞተር ሳይክል የምትመስል።

ይህ ለምን ያስፈራኛል? የዋን ኤች ዜድ የናፍጣ ፖምፓ የሚለሰልሰው በራሱ በናፍጣው ነው። የሞተር ዘይት አይገባበትም። የድሮዎቹ፣ ባለ 60 ሞዴል ላንድክሩዘሮች ቱ ኤች ሞተር ላይ ያለው ረጅሙ ፖምፓ በሞተር ዘይት ነው የሚለሰልሰው፣ ስለዚህ መጥፎ ናፍጣ የበለጠ ይችላል። የኛው ግን ውሃ ከገባበት ወይም ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ናፍጣ ከተሰጠው ውስጡ ብረት ከብረት ይፋጫል። ከገጠር በርሜል የተቀዳ ናፍጣ ከሆነ የምትሞሉት፣ ቢያንስ በጨርቅ አጥልሉና በማግስቱ ጠዋት ሞተር ሳታስነሱ ከታች ያለችውን መፍቻ ከፈት አድርጋችሁ ውሃውን አፍስሱ። ሌሊቱን ውሃው ዘቅጦ ያድራል። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ፖምፓ ማሠራት ግን ስንት እንደሆነ ጠይቃችሁ ድረሱበት፣ እኔ መናገር አልፈልግም።

ፖምፓው ላይ ሌላ የሚሠራ በደል አለ። "ክፈትልኝ" ይባላል። መኪናዋ ደከመች፣ እንጦጦ አልወጣ አለች፣ እና ባለ ፖምፓው የናፍጣ መጠን የምትወስነውን ብሎን ያዞራታል። ለሁለት ቀን ሰው ደስ ይለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፣ አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ጫና ከባሕር ወለል ሩብ ያህል ያነሰ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የጎደለው አየር እንጂ ናፍጣ አይደለም። አየር ሳይኖር ናፍጣ ሲጨመርለት የሚያወጣው ጥቁር ጭስና ሙቀት ነው። አንዳንዱ ፖምፓ ከፍታ ሲጨምር ናፍጣውን የሚቀንስ ትንሽ ዕቃ ከላዩ አለው፣ ለደጋ አገር የታሰበ። እሱም ታስሮ ወይም ተነቅሎ ታገኙታላችሁ፣ "ጉልበት ይቀንሳል" ተብሎ። ከፊታችሁ ዳገት ላይ ሰማዩን የሚያጠቁር ሃርድ ቶፕ ስታዩ፣ ያ ጭስ በሊትር የተገዛ ናፍጣ ነው። በትክክል የተስተካከለች ሃርድ ቶፕ በሊትር 7፣ 8 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች። ናፍጣ በዚህ ዋጋ ሆኖ ይህ ቀልድ አይደለም።

እዚህ ላይ ስለ ቱርቦ ልናገር፣ ምክንያቱም "አየር ነው የጎደለው ካልክ ቱርቦ ግጠማ" የሚለኝ ብልጥ አይጠፋም። ልክ ነው፣ በሐሳብ ደረጃ። ለስለስ ያለ ቱርቦ ደጋ ላይ የጎደለውን አየር ይመልሳል። ግን ይህ ሞተር ናፍጣው መጀመሪያ ቴስታታው ውስጥ ባለች ትንሽ ክፍል ነው የሚቀጣጠለው፣ ሙቀቱ እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ይከማቻል፣ ጫናውን ስትጨምሩ ቴስታታው ይሰነጠቃል። ደግሞ ደጋ ላይ የተስተካከለ ቱርቦ ሁሌም ከአካባቢው አየር በላይ ነው የሚጨምረው። እናም አዋሽ ስትወርዱ፣ አፋር ስትገቡ፣ አየሩ ራሱ ወፍራም ሆኖ ይጠብቃችኋል፣ የቱርቦው ጌጅ ያንኑ ቁጥር እያሳየ ሞተሩ የሚሸከመው ጫና ግን ጨምሯል፣ ከውጪ ያለው ሙቀት ተደምሮበት። የጭስ ማውጫውን ሙቀት የሚያሳይ ጌጅ ሳይገጠም ቱርቦ የገጠመ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ እየነዳ ነው። ፋብሪካው ራሱ ቱርቦ ሲፈልግ ሌላ ሞተር ነው የሠራው፣ ዋን ኤች ዲ ቲ፣ ናፍጣው በቀጥታ ፒስተኑ ላይ የሚረጭበት። እሱም የመጀመሪያዎቹ ላይ የብሮንዚን፣ ማለት ዘንጉ የሚዞርበት ተሸካሚ፣ ችግር ነበረበት፣ እሱን ለሌላ ቀን።

ሦስተኛው፣ አጭር ነው፣ ግን ሞተር ይገድላል። ዳሽ ቦርዱ ላይ "ቲ ቤልት" የምትል መብራት አለች። በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ትበራለች፣ የታይሚንግ ቺንጋ ቀይሩ ለማለት። አምፖሏ ወጥቷል። ወይም ቺንጋው ሳይቀየር መብራቷ ብቻ እንድትጠፋ ተደርጓል። በዚያ ላይ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ስንት ዓመት ሳይሠራ እንደቆየ የሚያውቅ ሰው የለም። ይህ ቺንጋ ሲበጠስ ቫልቭና ፒስተን ይገናኛሉ። ስትገዙ አልተቀየረም ብላችሁ ውሰዱት፣ ቺንጋውን ከነማወጠሪያው ቀይሩና ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን ሽፋኑ ላይ በቀለም ጻፉ። ሻጩ "አሁን ነው የተቀየረ" ካለ ጥሩ፣ አመስግኑትና ቀይሩ።

ካንዴሌታም፣ ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ ውስጡን የምታሞቀው፣ እንደዚሁ ነው። ሰዓት የሚቆጥርላት ዕቃ ተነቅሎ ዳሽ ቦርዱ ላይ የበር ደወል የምትመስል ቁልፍ ተደርጎላታል፣ ሹፌሩ እስኪሰለቸው ይጫናታል፣ ስድስቱም ተቃጥለው ያልቃሉ፣ ከዚያ መኪናዋ ጠዋት ጠዋት በጥበቃዎች ተገፍታ ነው የምትነሳው።

አሁን ከሞተር እንውጣ፣ የፊት ጎማዎች ሞዞ፣ ማለት የጎማው መሀል፣ ላይ "ፍሪ" እና "ሎክ" የሚል የሚዞር ክዳን አለ። ብዙ ሰው ፊት ማርሹን ውስጥ ሆኖ ያስገባል፣ መብራቱ ይበራል፣ ፎርዊል ገባ ብሎ ይተማመናል። ክዳኑ ግን ለዓመታት ሳይነካ ደርቆ ቀርቷል፣ የፊቱ አክስል ከንቱ ነው የሚዞረው። ይህን የምታውቁት ጭቃ ውስጥ ሆናችሁ ነው፣ ማወቂያው ቦታ ግን ጋራዥ ነው። አንድ የፊት ጎማ በክሪክ አንሱ፣ ሎክ አድርጉ፣ በእጅ አዙሩት፣ ከውስጥ ዘንጉ አብሮ ካልዞረ ፈታችሁ አጽዱና ቀለል ያለ ግራሶ ስጡት። በዚያው የፊት ጎማ ከኋላው ያለችውን ክብ ኳስ እዩ። ግራሶና የዲፈረንሻል ዘይት ተቀላቅሎ እንደ አጥሚት ከፈሰሰ የውስጥ ማኅተሙ አልቋል። ያ ቀስ ብሎ ፍሬን ላይ ይደርሳል።

ፍሬን ካልኩ ከፍ ማድረግ ላይ ያለኝን ቂም ልወጣ። መኪና ከፍ ሲደረግ ያምራል፣ አልክድም። ግን ከኋላ አክስልና ከሻንሲው መካከል አንዲት ቀጭን ዘንግ አለች፣ ከአንድ ቫልቭ ጋር የተያያዘች። ሥራዋ መኪናዋ ስንት እንደተጫነች መለካት ነው። ሲጫን ሻንሲው ወደ አክስሉ ይጠጋል፣ ዘንጓ ትንቀሳቀሳለች፣ ቫልቩ ለኋላ ጎማዎች ተጨማሪ ፍሬን ይሰጣል። ባዶ ስትሆን ደግሞ ይቀንሳል፣ የኋላ ጎማ ቀድሞ ተቆልፎ እንዳትዞር። እንግዲህ ኋላውን በወፍራም ባሌስትራ ከፍ ስታደርጉት ቫልቩ ምን ይመስለዋል? መኪናዋ ባዶ ናት ብሎ ያስባል። ሰው፣ ሻንጣ፣ ትርፍ ናፍጣ፣ ጣሪያ ላይ ድንኳን ጭናችሁ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ቁልቁል ስትወርዱ፣ የኋላ ፍሬናችሁ ለባዶ መኪና የተመጠነ ነው። የፊቱ ብቻውን ይቃጠላል። ከፍ ካደረጋችሁ ዘንጓን አብራችሁ አስተካክሉ፣ የምታስተካክልበት ቦታ አላት። ዘንጓ ጭራሽ ከሌለች ደግሞ፣ ገመቱ፣ ተነቅላለች።

ጎማ ላይ ብዙ የምለው የለኝም። ቀጭኑ 7.50 በ16 ከመነዳሪ (የውስጥ ላስቲክ) ያለው ጎማ በየትም ገጠር ይጠገናል፣ ሰፊው ያምራል። ዋልካ መሬት ላይ ክረምት ከገባችሁ ሁለቱም ያው ነው፣ ፀሐይ እስኪወጣ ቡና አፍሉ።

ዕቃ ከየት ይገኛል ለሚለው፣ ሶማሌ ተራ አሁንም ሶማሌ ተራ ነው። ታግሶ ለዞረና ያወጣውን ዕቃ አምጥቶ ጎን ለጎን ለሚያስተያይ ሰው ያገለገለ ኦሪጂናል ይገኛል። እኔ ያገለገለ ኦሪጂናል ከአዲስ ኮፒ አስበልጣለሁ፣ በተለይ ኩሽኔታና ክሮቸራ። ቴርሞስታት፣ ክዳን፣ የማኅተም ላስቲክ ግን ያገለገለ አይገዛም። እነዚህ ትንንሽ ናቸው፣ ከዱባይ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ይገባሉ። የአክስቴ ልጅ በመጣች ቁጥር ሽቶ ሳይሆን ጓርኒሲዮን (ዘይትና ውሃ እንዳያፈስ የሚደረግ ማሸጊያ) ነው የማስመጣት፣ እሷም ለምዳዋለች፣ የዕቃውን ቁጥር ከኔ በላይ ታውቃለች።

ደግሞ ይህ ሁሉ ድካም የቅንጦት አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ብዙ ዓመት ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። ደግ ነው ክፉ ነው ሌላ ክርክር ነው። ለእኛ ግን ትርጉሙ ግልጽ ነው፣ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ ናፍጣ የሚተካው በቀላሉ አይገኝም። ዋጋቸው የጨመረውም ስላማሩ አይደለም።

እኔ ራሴ ምን ጨመርኩ? ሁሉ ከተመለሰ በኋላ፣ ቴስታታው ላይ የሚገጠም የሙቀት ጌጅ ከማስጠንቀቂያ ድምፅ ጋር። የፋብሪካው ጌጅ ውሃው ከፈሰሰ በኋላ አየር ነው የሚለካው፣ ሞተሩ እየተጠበሰ መርፌው ሊወርድ ይችላል። ሌላ ተጨማሪ የናፍጣ ፊልትር፣ ውሃው በግልጽ የሚታይበት። ሦስተኛ የለም። የሃርድ ቶፕ ሁለት ሰልባቲዮ (የናፍጣ ታንከር) በድምሩ 180 ሊትር ይይዛል፣ ለኔ መንገድ ከበቂ በላይ ነው።

ገና ልትገዙ ከሆነ አንድ ነገር ብቻ። መኪናዋን ቀዝቃዛ ሳለች፣ በጠዋት፣ ራሳችሁ አስነሷት። ስትነሳ የምታወጣው ነጭ ጭስ፣ የሚፈጅባት ጊዜ፣ የራዲያተሩ ውሃ ቀለም፣ ሁሉም ያኔ ነው የሚታየው። ስትደርሱ ኮፈኑ ሞቆ ካገኛችሁት ከሻጩ ጋር አትጣሉ። ቡናውን ጠጡና ነገ ጠዋት ሳትነሳ እመጣለሁ በሉት።